ተራው እንዲደርሳቸው፦ በእንግሊዝኛ የመናገር ትምህርት የሚቸገሩ ተማሪዎችን እንዴት እንርዳ?

አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ እንግሊዝኛን ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲማር የተደነገገው በ1986 ዓ.ም. በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ሒሳቡም ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሰጠዋል፤ በአንዳንድ ክልሎች ይህ ከዚያም ቀደም ብሎ ይጀምራል። እንዲያም ሆኖ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል እንግሊዝኛ መምህር በየዕለቱ የሚያየው አንድ ነገር አለ። የሰዋስው ጥያቄ ሲቀርብ እጆች ይወጣሉ፤ «እስኪ ስለ ሰፈርህ በእንግሊዝኛ ንገረን» ሲባል ክፍሉ ጸጥ ይላል። በጽሑፍ ፈተና ከአሥር ዘጠኝ ያገኘችው ተማሪ ተነስታ ሁለት ዓረፍተ ነገር መቀጠል ያቅታታል።

ብዙ ጊዜ ለዚህ የምንሰጠው መድኃኒት ተጨማሪ ሰዋስው ነው። ተማሪዎቻችን ግን በአብዛኛው የጎደላቸው የመናገር ተራ ነው። ተራው ሲደርሳቸውም ሳያስቡበት፣ ሳይዘጋጁ፣ በ60 ሰው ፊት ይሆናል። መምህሩ ተራውን ካበዛ፣ ማሰቢያ ጊዜ ከሰጠና ስህተትን በተገቢው ጊዜ ካረመ፣ ዝምታው ይሰበራል። ይህ ማብራሪያ እንዴት የሚለውን በየተራ ያሳያል።

ዝምታው ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምንጭ ፍርሃት ነው። ኢሌን ሆርዊትዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት የውጭ ቋንቋ ክፍል የራሱ የሆነ ጭንቀት እንዳለው አሳዩ። ጭንቀቱን ከሦስት ነገሮች ጋር አያይዘውታል፦ ከሰው ጋር ለመነጋገር መፍራት፣ ፈተናን መፍራት፣ ሌሎች «ምን ይሉኛል» ብሎ መፍራት። ሦስተኛው ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ ይሉኝታ የምንለው ነው። በብዙ ቤት ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ ማዳመጥ እንጂ መናገር አልተማረም። በዚህ ላይ አንዱ ሲሳሳት ክፍሉ የሚስቅ ከሆነ፣ ያ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ አፉን ባይከፍት አይፈረድበትም።

ሁለተኛው ምንጭ ልምምድ ማጣት ነው። ሜሪል ስዌን የተባለች የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪ፣ በካናዳ ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ የሚከታተሉ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆችን አጥንታለች። ልጆቹ ለዓመታት ፈረንሳይኛ እየሰሙና እያነበቡ አድገው በመረዳት ረገድ ጎበዞች ሆነዋል፤ በመናገርና በመጻፍ ግን ወደኋላ ቀርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1985 ባቀረበችው ሐሳብ ተማሪው ቋንቋውን ራሱ ማውጣት፣ ራሱ መገጣጠም እንዳለበት ተከራከረች። የእኛም ሁኔታ ከዚህ ይመሳሰላል። በእንግሊዝኛ ባዮሎጂ መማር ብቻውን ተናጋሪ አያደርግም። በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የገባው የፕላዝማ ትምህርትም ተማሪው ብዙ እንግሊዝኛ እንዲሰማ አደረገ፤ ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ግን የተማሪውን መልስ ቆሞ መጠበቅ አይችልም ነበር። እናቱ ስትጋግር ያየ ሁሉ እንጀራ አይጋግርም፤ ሊጡን በገዛ እጁ ምጣዱ ላይ ማዞር አለበት።

ሦስተኛው ምንጭ ምዘናው ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ምርጫ ያለው የጽሑፍ ፈተና እንጂ ተማሪውን አያናግርም። ማርክ የሌለውን ነገር ተማሪውም መምህሩም ወደ ጎን ይተዉታል፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው የንግግር መልመጃም «ቤታችሁ ሥሩት» ተብሎ ይታለፋል።

ስሌቱን እንሥራው

አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ስታንዳርድ በአንድ ክፍል 40 ተማሪ ቢልም፣ 60 እና ከዚያ በላይ ተማሪ ያለበት ክፍል ብዙ ነው። ስም መጥራቱ፣ የቤት ሥራ ማየቱና ማብራሪያው 20 ደቂቃ ወሰደ እንበል። ቀሪውን 20 ደቂቃ ለ60 ተማሪዎች አንድ በአንድ ብናካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 20 ሴኮንድ ነው። በተግባር ደግሞ ያንን ጊዜ የሚወስዱት የፊት ወንበር ላይ ያሉት አምስትና ስድስት ጎበዞች ናቸው።

አሁን ክፍሉን በጥንድ እንክፈለውና 10 ደቂቃ ብቻ እናውራ። ሠላሳ ጥንድ በአንድ ጊዜ ሲነጋገር ለእያንዳንዱ ተማሪ 5 ደቂቃ ይደርሰዋል። ጊዜው በግማሽ ተቀንሶ የተማሪው የመናገር ዕድል 15 እጥፍ አደገ። አንድ መምህር ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ መውሰድ ቢኖርበት ይህንን ስሌት እንዲወስድ እመክራለሁ። አዲስ መጽሐፍም፣ መሣሪያም፣ ኤሌክትሪክም አይጠይቅም።

ጥንድ ሥራ በተጨናነቀ ክፍል

መምህራን ጥንድ ሥራን የሚሸሹበት ምክንያት አላቸው፦ ጫጫታው፣ ቦታ ማጣቱ፣ ተማሪዎቹ በአማርኛ ወደ ወሬ መግባታቸው። እያንዳንዱ መላ አለው።

ዴስኩን ማንቀሳቀስ አያስፈልግም፤ ተማሪው አጠገቡ ካለው ጋር ያወራል፣ ሲቀያየሩ ደግሞ የፊት ዴስክ ወደ ኋላ ይዞራል። ዴስኩ ሦስት ሰው የሚይዝ ከሆነ ሁለቱ ሲያወሩ ሦስተኛው አዳምጦ አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅ ይደረግና ሚናው ይዘዋወራል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት መምህሩ አንድ ተማሪ ወደ ፊት ጠርቶ አብሮት ሠርቶ ማሳየት አለበት። በቃል የተሰጠ ረጅም መመሪያ ግማሹን ክፍል ያደናግራል፤ አንድ ናሙና ግን ሁሉም ይገባዋል። የእያንዳንዱ ዙር ጊዜም አጭር ይሁን፤ በተለይ ሲጀመር ከሁለት ወይም ከሦስት ደቂቃ በላይ ከተለቀቀ ወሬው ወደ ኳስ ይሄዳል። ማቆሚያ ምልክትም ከመጀመሪያው ቀን መለመድ አለበት፦ መምህሩ እጁን ሲያነሳ ያየ ሁሉ እጁን አንስቶ ዝም ይላል።

ጫጫታው ሥራ እየተሠራ ለመሆኑ ማስረጃ ነው። ቢሆንም ለጎረቤት ክፍል መምህርና ለርዕሰ መምህሩ አስቀድሞ መንገር ተገቢ ነው። አንድ ለአምስት አደረጃጀትን የሚጠቀሙ ክፍሎች ደግሞ አንድ አደጋ ይጠብቃቸዋል፤ የቡድኑ መሪ ለሁሉም ይናገራል። መፍትሔው ሪፖርት አቅራቢው ሥራው ካለቀ በኋላ በዕጣ እንዲወጣ ማድረግ ነው። ዕጣው ለማን እንደሚወጣ ካልታወቀ ሁሉም ይዘጋጃል።

ማሰቢያ ጊዜ

ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ምን ያህል እንደሚጠብቁ ለካች። በአማካይ አንድ ሴኮንድ ያህል ነበር። ጥበቃው ወደ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲያድግ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉትም ቀነሱ። ይህ በገዛ ቋንቋቸው ለሚመልሱ ልጆች ነው። የእኛ ተማሪ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ሰምቶ፣ በአፍ መፍቻው አስቦ፣ ቃል ፈልጎ፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ መናገር አለበት። ሦስት ሴኮንድም አይበቃውም።

ስለዚህ ከንግግሩ በፊት አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ የጸጥታ ዝግጅት ይኑር። ተማሪው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን አምስት ቁልፍ ቃላት ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ለጓደኛው ይናገራል፤ ለክፍሉ የሚናገረው በመጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ፍራንክ ላይማን ያስተዋወቀው «አስብ፣ ለጓደኛህ ንገር፣ ለሁሉም አካፍል» የሚለው አካሄድ ይኸው ነው። ለዓይን አፋር ተማሪ ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ድጋፍ ነው፤ በክፍሉ ፊት ሲቆም ያንን ሐሳብ አንድ ጊዜ ተናግሮት ያውቃል።

ሌላው ጠቃሚ ዘዴ «አራት፣ ሦስት፣ ሁለት» ይባላል። ተማሪው ስለ አንድ ጉዳይ ለአንድ ጓደኛው 4 ደቂቃ ይናገራል፣ ያንኑ ለሌላ በ3 ደቂቃ፣ ለሦስተኛው በ2 ደቂቃ ይደግመዋል። ሐሳቡ ስለማይቀየር አእምሮው በቋንቋው ላይ ያተኩራል፤ በሦስተኛው ዙር መንተባተቡ ይቀንሳል። ለጀማሪዎች ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ቢባል ይሻላል።

የሚያወሩት ነገር ይኑራቸው

«ስለ ትምህርት ጥቅም ተናገሩ» የሚል ትእዛዝ በአማርኛም ቢሆን ሰውን ዝም ያሰኛል። ሰው የሚናገረው የሚናገርበት ምክንያት ሲኖረው ነው። ጥሩው ዘዴ አንዱ የሚያውቀውን ሌላው እንዳያውቅ ማድረግ ነው። ለአንዱ የሽንኩርት፣ የቲማቲምና የዘይት ዋጋ ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል፤ ሌላው ብርና የሚገዛው ዝርዝር አለው። ሳይነጋገሩ ግብይቱ አይፈጸምም። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ማስረዳት፣ ቡና እንዴት እንደሚፈላ በቅደም ተከተል መንገር፣ ሁለት ሥዕል ይዞ ልዩነቱን በመጠያየቅ መፈለግ ሁሉ ከዚህ ወገን ናቸው። ወረቀት ማባዛት የማይችል መምህር አንዱን ዝርዝር ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፍና ግማሹን ክፍል ጀርባውን እንዲያዞር ያደርጋል።

ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ የማይጠፉ የዓረፍተ ነገር መነሻዎችም ይጻፉ፦ «እኔ እንደሚመስለኝ»፣ «በመጀመሪያ»፣ «ምክንያቱም»፣ «በዚህ አልስማማም» የሚሉት በእንግሊዝኛ። ከእነዚህ ጋር የችግር ጊዜ ንግግሮች ይለጠፉ፦ «እባክዎ ይድገሙልኝ»፣ «ቃሉ ጠፋኝ»፣ «ይህ በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?»። ቃል ሲጠፋው የሚለው ያለው ተማሪ ንግግሩን አያቋርጥም።

አፍ የሚያስቸግሩ ድምፆች

የአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ የሚቸገርባቸው ድምፆች አስቀድመው ይታወቃሉ። ምላስ በጥርሶች መካከል ወጥቶ የሚነገሩት ሁለቱ የእንግሊዝኛ ድምፆች በአማርኛ ስለሌሉ «ሳንክ ዩ» እና «ዚስ» ይሆናሉ። መምህሩ የምላሱን አቀማመጥ በራሱ አፍ ያሳይ፤ ተማሪው መዳፉን አፉ ፊት አድርጎ ትንፋሹ ሲወጣ ይሰማው። ቃል በተከታታይ ተነባቢ ሲጀምር ደግሞ «እስኩል»፣ «እስፖርት» እያልን ፊት ላይ «እ» እንጨምራለን። ይህን ለማስለቀቅ «ስስስ» ብሎ ድምፁን አርዝሞ ሳያቋርጡ ወደ ቃሉ መግባት ይረዳል።

መርከብና በግ የሚሉት ሁለቱ የእንግሊዝኛ ቃላት በአማርኛ ጆሮ አንድ ሆነው ይሰማሉ፤ ልዩነቱ የአናባቢው አጭርና ረጅም መሆን ላይ ነው። አማርኛ ተነባቢ ያጠብቃል እንጂ አናባቢ አያረዝምም። «አለ» ላልቶና ጠብቆ ሲነገር ትርጉሙ እንደሚለወጥ ተማሪው ያውቃል፤ መምህሩ «እንግሊዝኛም እንዲሁ ይለያል፣ የሚለየው ግን በአናባቢው ነው» ቢለው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። አፋን ኦሮሞ አጭርና ረጅም አናባቢ ስለሚለይ የዚያ ቋንቋ ተናጋሪዎች እዚህ ላይ ጓደኞቻቸውን ማገዝ ይችላሉ። ከሁሉም በላይ ግን የቃል ጫና፣ ማለትም ከቃሉ የትኛው ክፍል ጎልቶ እንደሚነገር፣ ትኩረት ይሻል፤ «ቬጂቴብል» እና «ኮምፎርቴብል» የሚሉት አነጋገሮች ከፊደሉ የተነበቡ ናቸው። አዲስ ቃል ሲጻፍ ጫናው ያረፈበት ክፍል በጠመኔ ይሰመርበት፣ እየተጨበጨበም ይነገር።

ግባችን እንደ ለንደን ሰው መናገር አይደለም። ሰሚው ያለ ችግር ከተረዳ የኢትዮጵያዊ ቅላጼ ምንም ነውር የለበትም፤ ይህንንም ለተማሪዎች በግልጽ መንገር ያስፈልጋል።

ከአፍ መፍቻ የሚመጡ ስህተቶች

አንዳንድ ስህተቶች ከግድየለሽነት አይመጡም፤ ምንጫቸው የአማርኛው አሠራር ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስ አባውት» እንላለን። «አስረዳኝ» ስለምንል «ኤክስፕሌይን ሚ» ይወጣናል። «አልበላህም?» ተብለን ካልበላን «አዎ» ብለን እናረጋግጣለን፤ በእንግሊዝኛ ግን ያልበላ ሰው መልሱ «ኖ» ነው። በአማርኛ ግሱ ራሱ ባለቤቱን ስለሚሸከም ተማሪው በእንግሊዝኛም ባለቤቱን ይተወዋል። መምህሩ ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን ሰሌዳ ላይ ቢያሳይ ተማሪው ስህተቱ ከየት እንደመጣ ያያል። ምንጩን ያወቀ ተማሪ «ሰነፍ ነኝ» ብሎ ራሱን መውቀሱን ይተዋል።

በዚህ ምክንያት አማርኛን ወይም ሌላውን የአፍ መፍቻ ከክፍል ጨርሶ ማገድ አይጠቅምም። በአፍ መፍቻው የተናገረን መቅጣት ዝምታን እንጂ እንግሊዝኛን አያመጣም። ቦታው ይለይ፦ መመሪያ ሲከብድ ለማብራራት፣ ለዝግጅት ሐሳብ ለማሰባሰብ፣ ሁለቱን ቋንቋዎች ለማነጻጸር ይፈቀድ። የመናገሪያው ሦስት ደቂቃ ግን ለእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን።

ስህተትን መቼና እንዴት እናርም?

ተማሪው እየተናገረ ሳለ በየቃሉ ካቋረጥነው ሐሳቡም ድፍረቱም ይበተናል። ጨርሶ ካላረምነው ደግሞ ስህተቱ ይለመዳል። መላው ጊዜውን መለየት ነው። የልምምዱ ዓላማ አንድን የሰዋስው ቅርጽ በትክክል መጠቀም ከሆነ ወዲያው ይታረም። ዓላማው ሐሳብን መግለጽ ከሆነ መምህሩ በዴስኮቹ መካከል እየዞረ የሰማውን ይመዘግባል፤ በመጨረሻም አራት ወይም አምስት ዓረፍተ ነገሮችን የማን እንደሆኑ ሳይናገር ሰሌዳው ላይ ጽፎ ክፍሉ እንዲያርማቸው ይጋብዛል። ከስህተቶቹ መካከል ሁለት ጥሩ ዓረፍተ ነገሮችንም ይጻፍ።

ሮይ ሊስተርና ሊላ ራንታ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት በካናዳ መምህራን አብዝተው የሚጠቀሙት የተማሪውን ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ መልሶ መናገርን እንደሆነ አዩ። ተማሪው ራሱን እንዲያርም የሚያደርገው ግን ከሁሉም ያነሰው ይኸው ዘዴ ነበር፤ ተማሪው መታረሙን ሳያስተውል ያልፋል። ስለዚህ መልሱን ከመስጠት ይልቅ መጠየቅ ይሻላል፦ «ትናንት ነው ወይስ ዛሬ?»፣ ወይም ዓረፍተ ነገሩን እስከ ስህተቱ ድረስ ብሎ ማቆም። መሳቅን በተመለከተ ሕጉ አንድ ይሁን፤ በሚናገር ሰው ላይ አይሳቅም። ይህ ሕግ በመጀመሪያው ሳምንት ከተማሪዎቹ ጋር በስምምነት ይወጣ፣ መምህሩም ሳያወላውል ያስከብረው።

ማርክ ይኑረው

ብሔራዊ ፈተናውን መምህሩ አይቀይረውም፤ ተከታታይ ምዘናው ግን በእጁ ነው። ከእርሱ ላይ 10 ማርክ ለንግግር ይመደብ። ሁሉንም በአንድ ቀን መፈተን አያስፈልግም። በየጥንድ ሥራው ስድስት ተማሪዎችን ብቻ እያዳመጡ ቢመዘግቡ 60 ተማሪ በ10 ክፍለ ጊዜ ይዳረሳል። መለኪያው አስቀድሞ ይነገር፦ ሐሳቡ ለሰሚው መድረሱ 4፣ ንግግሩን ሳያቋርጥ ማስቀጠሉ 3፣ ቃላትና ሰዋስው 3። ትልቁ ማርክ ለመግባባት መሰጠቱን ያየ ተማሪ ለመሞከር ይደፍራል።

አንድ ክፍለ ጊዜ በናሙና

ርዕሱ አቅጣጫ መጠቆም ነው እንበል። በመጀመሪያው 4 ደቂቃ ተማሪዎች በአካባቢያቸው ያሉ ቦታዎችን ይጠራሉ፦ ገበያ፣ ጤና ጣቢያ፣ መናኸሪያ። ቀጣዩ 6 ደቂቃ መምህሩ ከአንድ ተማሪ ጋር የሚያሳየው ናሙና ነው፤ «ወደ ግራ ታጠፍ»፣ «ቀጥ ብለህ ሂድ» የመሳሰሉት ሰሌዳው ላይ ይጻፋሉ። 3 ደቂቃ ለጸጥታ ዝግጅት ይሰጣል። ከዚያ 15 ደቂቃ በሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ዙር ከትምህርት ቤት እስከ ቤቱ ያለውን መንገድ ይናገራል፤ መጀመሪያ ለአጠገቡ፣ ቀጥሎ ከኋላው ላለው፣ በመጨረሻ በሰያፍ ላለው። 5 ደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎች በዕጣ ወጥተው ይናገራሉ፣ ክፍሉም መንገዱን በደብተሩ ይሥላል። 5 ደቂቃ ለእርማት፣ 2 ደቂቃ ለቤት ሥራ ይቀራል። 40 ደቂቃው ሲያልቅ ሁሉም ተማሪ ቢያንስ 6 ደቂቃ ተናግሯል።

ከክፍል ውጭ

የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በዕረፍት ሰዓት ሁለት ተማሪዎች ተዘጋጅተው የሦስት ደቂቃ ዜና ወይም ቃለ መጠይቅ በእንግሊዝኛ ቢያቀርቡ ቃሉ በግቢው ሁሉ ይሰማል፤ ለዓይን አፋሮችም ጥሩ ነው፣ ታዳሚውን ፊት ለፊት አያዩትም። የእንግሊዝኛ ክበብ ለጎበዞች ብቻ የተዘጋ እንዳይሆን ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቤተሰቡ ስልክ ያለው ተማሪ የአንድ ደቂቃ ንግግሩን ቀድቶ፣ አዳምጦ፣ ደግሞ ይቅዳ። የቢቢሲው «ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ» ዓይነት አጫጭር ዝግጅቶችን መምህሩ አንድ ጊዜ አውርዶ በድምፅ ማጉያ ሊያሰማ ይችላል፤ ተማሪው ግን ከሰማ በኋላ የሰማውን ለጓደኛው መናገር አለበት።

በመጨረሻም ስለ እኛ ስለ መምህራን። ብዙዎቻችን የተማርነው በዚሁ የዝምታ መንገድ ነውና በእንግሊዝኛ ለመናገር የምንፈራ አለን። የትምህርት ክፍሉ ባልደረቦች በሳምንት አንድ ጊዜ ለሩብ ሰዓት ተሰብስበው በእንግሊዝኛ ብቻ ስለ ትምህርታቸው ቢወያዩ ለራሳቸውም ለተማሪዎቻቸውም ይተርፋል። ሁሉንም ዘዴ በአንድ ሳምንት ለማስገባት መሞከር አያስፈልግም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ሁለት ደቂቃ የጸጥታ ዝግጅትና ሦስት ደቂቃ የጥንድ ንግግር ይጀመር፤ ሲለመድ ይጨመርበት። እነዚያ አምስት ደቂቃዎች በየክፍለ ጊዜው ከተከበሩ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድም ቃል ሳይናገር ወደ ቀጣዩ ክፍል የሚዛወር ተማሪ አይኖረንም።